ስሙን የማናውቀው ትንሽ ቴሌቪዥን፦ ለወሎ ቤት የትኛው ይሻላል?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብታችሁ በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ቴሌቪዥኖች ብትመለከቱ፣ ስማቸውን ከዚህ በፊት የሰማችኋቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ከቻይና፣ ከቱርክ ወይም በዱባይ በኩል የመጡ፣ ለጆሮ እንግዳ የሆኑ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የታወቁት ስሞች ከብዙ ቤተሰብ አቅም በላይ ሆነዋል። ለብዙ ሰው የቀረው ጥያቄ ካልታወቁት ውስጥ የትኛውን ልምረጥ የሚለው ነው።

ይህን የምጽፈው በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በወልዲያ ወይም ከዚያ ራቅ ባለ ቀበሌ ሆኖ ባለ 24 ወይም ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ለመግዛት ገንዘብ ለሚያጠራቅም ሰው ነው። ያ ገንዘብ ለልጆች ተብሎ፣ ለእናት ተብሎ፣ ለዒድ ወይም ለገና ይድረስ ተብሎ በስንት ድካም የሚጠራቀም ነው። ስለዚህ ዕቃው በጥቂት ወራት ውስጥ ጠቁሮ ጥግ ላይ እንዲጣል አልፈልግም። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ያልታወቀ ስም መግዛት ነውር የለውም። ነገር ግን በካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል አትምረጡ። ሲበላሽ እዚሁ ከተማችሁ ይጠገናል ወይ? የእኛን መብራት ይችላል ወይ? የእኛን ጣቢያዎች ይስባል ወይ? ከዋጋው በፊት እነዚህ ሦስቱ ይጠየቁ።

እንግዳ ስም ሁሉ አንድ አይደለም

የመጀመሪያው ዓይነት በአገሩ ግዙፍ ሆኖ እኛ ዘንድ ዘግይቶ የታወቀ ፋብሪካ ነው። ሃይሴንስ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1969 በቻይናዋ የቺንግዳኦ ከተማ ነው፤ ቲሲኤል በ1981፣ ስካይዎርዝ ደግሞ በ1988። የቱርኩ ቬስቴል ማኒሳ ከተማ ባለው ፋብሪካው በራሱ ስምም በሌሎች ስምም ለአውሮፓ ገበያ ያመርታል። እነዚህን «የቻይና ነው»፣ «የቱርክ ነው» እያሉ ማጣጣል ራስን መጉዳት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ከሁሉም ይበዛል። አስመጪው ለአንድ ፋብሪካ ትእዛዝ ይሰጥና የራሱን ስም ያስለጥፍበታል። በዚህ መንገድ አንዱ ቴሌቪዥን በአራት በአምስት ስም ይሸጣል። ክፉም ደግም ሊሆን ይችላል፤ የዚህ ጽሑፍ ትልቁ ጉዳይም እሱ ነው። ሦስተኛው የታወቀን ስም አንድ ፊደል ለውጦ፣ አርማውን አመሳስሎ የሚመጣው ነው። ከዚህኛው ራቁ። በስሙ የዋሸ በውስጡ ላለው ዕቃ እውነት የሚናገርበት ምክንያት የለም።

የታወቀ ስም ራሱ አባቶቻችን የሚያውቁት ላይሆን እንደሚችልም እወቁ። የቶሺባ የቴሌቪዥን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ሃይሴንስ ተላልፏል። ሻርፕ ከ2016 ጀምሮ የታይዋኑ ፎክስኮን ነው። የፊሊፕስን ስም ይዘው የሚሸጡ ብዙ ቴሌቪዥኖችም የሚሠሩት ቲፒቪ በተባለ ሌላ ኩባንያ ነው። ለስም ብቻ ተብሎ ብዙ ገንዘብ መጨመር እንደ ድሮው አያዋጣም የምለው ለዚህ ነው።

ደሴ ውስጥ አንድ ጠጋኝ ሱቅ ተቀምጬ ያየሁት ይህን ነገር ግልጽ አድርጎልኛል። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ በፊቱ ተደፍቷል። ጠጋኙ የኋላ ክዳኑን ሲያነሳ ውስጡ ባዶ ለማለት የሚያስደፍር ነበር፦ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ቦርድ፣ ሁለት ቀጫጭን ድምፅ ማጉያዎች፣ ጥቂት ሽቦ። ቦርዱን በጣቱ እየነካ «ይህ ዩኒቨርሳል የሚባለው ነው፤ በሌላ ተመሳሳይ ይተካል። አብሽር፣ ይድናል» አለኝ። ከጎኑ ስሙ የታወቀ ሌላ ቴሌቪዥን ነበር። የዚያኛው ቦርድ ለሞዴሉ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ከአዲስ አበባ እስኪገኝ ባለቤቱ ይጠብቃል። ያልታወቀው በቀላሉ የሚድንበት፣ የታወቀው የሚቸገርበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

የማይድነው ፓነሉ ነው። የቴሌቪዥን ትልቁ ወጪ መስታወቱና በውስጡ ያለው ሥዕል ሰጪ ክፍል ስለሆነ፣ ከተሰነጠቀ ወይም መስመር ካወጣ ሌላ መግዛት ይቀላል። ፓነል ሲሰበር ዋስትናም አይሸፍነውም። ከመግዛታችሁ በፊት ወደ ሠፈራችሁ ጠጋኝ ሄዳችሁ «የዚህን ስም ቴሌቪዥን ስትጠግን ምን ይገጥምሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሻጩ መቶ ቃል የእሱ አንድ ቃል ይበልጣል፤ የሚሞቱትን የሚያየው እሱ ነውና።

መብራቱን ይችላል?

በእኛ አገር ቴሌቪዥን የሚገድለው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ መብራት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ይባላል። ነገር ግን ማታ ሁሉም ቤት አምፖሉን ሲያበራ፣ ጎረቤት ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚበላውን የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ፣ አምፖሉ ሲደበዝዝ በዓይናችን እናየዋለን። ጠፍቶ ሲመጣም በድንጋጤ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ቴሌቪዥኑን አዙሩትና ከኋላ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ መብራቱ ሲወርድ የመቻል ዕድሉ ሰፊ ነው። 220 ቮልት ብቻ ብሎ የሚያቆመውን ካለ ስታብላይዘር አትሰኩት። እዚያው ወረቀት ላይ ዋቱም ተጽፏል፤ ባለ 32 ኢንች ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ዋት፣ ባለ 24ቱ ከዚያ ያነሰ ይወስዳል። ወረቀቱ ጨርሶ ከሌለ ወይም ፊደሉ ተበላሽቶ የታተመ ከሆነ ያንን ዕቃ ተዉት።

በሁለት ቴሌቪዥኖች መካከል የዋጋ ልዩነት ካለና ርካሹ ከላይ ያለውን የሚያሟላ ከሆነ፣ ልዩነቱን ለስታብላይዘር አውሉት። ለትንሽ ቴሌቪዥንና ለሪሲቨር ባለ 500 ቪኤ ይበቃል። ዋናው ነገር መብራት ሲመለስ ወዲያው የማይለቅ፣ ጥቂት ቆይቶ የሚያሳልፍ መሆኑ ነው። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ተራ ዲቫይደር ላይ ደርድሮ ቴሌቪዥኑን ከምጣዱ ጋር ማሰር በገዛ እጅ ማቃጠል ነው። በክረምት ደግሞ የደሴን ነጎድጓድ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ መብረቅ ሲጀምር ከመብራቱ መሰኪያ በተጨማሪ ከዲሹ የሚመጣውን ኬብልም ንቀሉ። ብዙ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ኬብሉን ይረሳዋል፤ ቦርዱ የሚቃጠለው በዚያ በኩል ነው።

ርካሽ ቴሌቪዥን ላይ በብዛት የሚሞተው ከፓነሉ በስተጀርባ ያለው የኤልኢዲ መብራት፣ ባክላይት የሚባለው ነው። ፋብሪካው በሱቅ ደምቆ እንዲታይ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይልከዋል። ቤት እንደገባ በምስል ማስተካከያው ውስጥ ባክላይቱን ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ወዳለ መጠን አውርዱት፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ዕድሜው ይረዝማል። ድምፅ እያለ ምስሉ ጨልሞ ከጠፋባችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ክፍሉን አጨልማችሁ በባትሪ ከቅርብ ስታበሩበት ምስሉ ከውስጥ ደብዝዞ ከታየ፣ የሞተው ባክላይቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ይጠገናል።

ጣቢያዎቻችንን ይስባል?

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚባለው ስብስብ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለችው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ይተላለፋሉ። አሚኮን፣ ኢቢሲን ወይም ኢቢኤስን ለማየት ዲሹ ወደዚያች ሳተላይት መዞር አለበት፤ ከወሎ ሲታይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ። ተቀባዩ ደግሞ ዲቪቢ ኤስ 2 የሚባለውን ዘዴ የሚያነብ መሆን አለበት።

ቴሌቪዥኖቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶቹ የኤስ 2 ቲውነር፣ ማለትም ጣቢያ የሚስበው ክፍል፣ በውስጣቸው ስላለ የዲሹን ኬብል በቀጥታ ትሰኩበታላችሁ፤ ሪሲቨር አትገዙም፣ አንድ ሪሞት ይበቃችኋል፣ አንድ መሰኪያ ይተርፋችኋል። ሌሎቹ ግን ለምድር አንቴና የሚሆነው ቲ 2 ብቻ አላቸው። ሁለቱም የኬብል ቀዳዳ ስላላቸው ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ። የሳተላይቱ ቀዳዳ ጥርስ ያለው፣ ኬብሉ የሚጠመዘዝበት ነው፤ የምድር አንቴናው ለስላሳና ተገፍቶ የሚገባ ነው። ካርቶኑ ላይ ቢጻፍም በቀዳዳው አረጋግጡ።

ይህም ብቻውን አይበቃም። የኢትዮሳት ሲምቦል ሬት፣ ማለትም መረጃው የሚላክበት ፍጥነት፣ 45000 ነው። ይህ ከፍ ያለ ቁጥር ስለሆነ አንዳንድ ደካማ ቲውነር ጣቢያውን ካገኘው በኋላ እንኳ ምስሉን እየቆራረጠ ያሳያል። ሻጩ ዲሽ ካለው፣ አብዛኞቹ አላቸው፣ እፊታችሁ እንዲሰካና እንዲፈልግ ጠይቁ። ጣቢያ ስትቀይሩ ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ፣ ድምፁ ከአፍ ጋር መሄዱን ተመልከቱ። ቤታችሁ ደህና ሪሲቨር ካለ ግን ለውስጥ ቲውነር ተጨማሪ አትክፈሉ። ሪሲቨሩ የድሮ ሆኖ ባለ ሦስት ቀለሙን ገመድ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አዳዲስ ትንንሽ ቴሌቪዥኖች ለዚያ የሚሆን ትንሽ ማገናኛ እንደሚፈልጉ እወቁ፤ ካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ሳታዩ አትውጡ።

ስማርት ወይስ ተራ?

በዚህ ዋጋ ደረጃ እኔ ተራውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም በርካሽ ስማርት ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ደካማ ነው። 1 ጊጋባይት ወይም ግማሹን ራም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ማስታወሻ) ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ይሠራል፤ መተግበሪያዎቹ እየከበዱ ሲሄዱ ግን ዩቲዩብ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። ከነዚህ ብዙዎቹ የጉግልን ፈቃድ ያላገኘ አንድሮይድ የተጫነባቸው ስለሆኑ መተግበሪያ ማሻሻል ያስቸግራል። ቴሌቪዥኑ ሳይሞት ስማርትነቱ ይሞታል።

ሌላው ኢንተርኔቱ ነው። በቤቱ ብሮድባንድ የሌለው ሰው ከስልኩ ዳታ አካፍሎ ነው የሚያየው። ዩቲዩብ እንደ ጥራቱ በሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት እስከ 1 ጊጋባይት ተኩል ይበላል፤ ልጆች አንድ ከሰዓት ሲቀመጡበት የሚሆነውን አስሉት። ተራ ቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ የሚባለው የምስልና የድምፅ መሰኪያ ካለው ከዓመት በኋላ አቅም ሲገኝ ስማርት የሚያደርገው አንድሮይድ ቦክስ ይጨመርበታል፤ ቦክሱ ሲያረጅ ቦክሱ ብቻ ይቀየራል። ብሮድባንድ ያለውና ከሳተላይት ይልቅ ዩቲዩብ የሚያይ ቤት ብቻ ስማርቱን ቢገዛ አልቃወምም፤ እሱም ጉግል ቲቪ የሚል ፈቃድ ያለው ይሁን።

ለተራው ዩኤስቢውን ፈትኑት። ቤት የምታዩትን ፊልም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና አጫውቱ። ኤች 265 በሚባለው ዘዴ የታመቁ አዳዲስ ፊልሞችን አንዳንዱ ጨርሶ አይከፍትም፤ ድምፁን ብቻ የሚያሰማም አለ።

መጠንና ጥራት

ባለ 24 ኢንች ከጥግ እስከ ጥግ 61 ሴንቲሜትር፣ ባለ 32ቱ 81 ሴንቲሜትር ነው። ለመኝታ ክፍልና ለአንድ ሰው 24 ይበቃል፤ ቤተሰብ ለሚሰበሰብበት 32 ነው። ካርቶኑ ላይ «4ኬ» የሚል ባለ 32 ኢንች ካያችሁ አትመኑት፤ የዚህ መጠን ርካሽ ፓነል አብዛኛውን ጊዜ 1366 በ768 የምስል ነጥብ ብቻ ያለው ነው። ያም አይጎዳችሁም፤ ከ2 ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰው ከፉል ኤችዲው ጋር ያለው ልዩነት እምብዛም አይታይም። የሚያናድደው ውሸቱ ነው።

ከዚህ ይልቅ ከጎን ሲታይ ምን እንደሚመስል መርምሩ። የእኛ ቤት አቀማመጥ እንደ ሲኒማ ቤት ሁሉም ፊት ለፊት የተደረደረበት አይደለም። ቡና ሲፈላ አንዱ መደብ ላይ ነው፣ ሌላዋ ረከቦቱ ጋ ዝቅ ብላ ተቀምጣለች፣ ጎረቤት በሩ አጠገብ ነው። ደካማ ፓነል ከጎን ሲያዩት ይነጣል፤ ከታች ሲያዩት ፊቶች ይጠቁራሉ። ሱቅ ውስጥ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሂዱ፣ ቁጭ ብላችሁም እዩ። ሻጩ ቢገረም ይገረም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ አማርጣችኋል ወይም ዋጋ ተደራድራችኋል ተብሎ እንድትገዙ እንደማትገደዱ በግልጽ ይናገራል።

እግሮቹንም ለኩ። የብዙዎቹ ባለ 32 እግሮች በሁለቱ ዳር ስለሆኑ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አይቆሙም። በጭቃ ግድግዳ ላይ መስቀልን አልመክርም።

አዲስ ያልታወቀ ወይስ ያገለገለ የታወቀ?

በአንድ ዓይነት ዋጋ ያገለገለ ሳምሰንግ ወይም ኤልጂ ይቀርብላችሁ ይሆናል። ምስሉ ከአዲሱ ርካሽ ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ባክላይቱ ስንት ሺህ ሰዓት እንደነደደ የሚነግራችሁ የለም። ነጭ ምስል በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ክፈቱበት፦ ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ካደላ፣ ክብ ክብ ደማቅ ነጠብጣብ ካለበት፣ ጥጉ ከጠቆረ ዕድሜው እየተገባደደ ነው። ከምታውቁት ቤት፣ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት የሚመጣ ከሆነ ያገለገለውን ውሰዱ። ከየት እንደመጣ ካልታወቀ አዲሱን ያልታወቀ እመርጣለሁ።

ከከተማችሁ ወይስ ከመርካቶ?

መርካቶ ይረክሳል፤ በቴሌግራም የሚሸጡትም እንዲሁ። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ግን 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨምሩበት። በአውቶቡስ ላይ ተኝቶ፣ ሌላ ዕቃ ተጭኖበት የሚመጣ ቴሌቪዥን ካርቶኑ ደህና ሆኖ ፓነሉ ተሰንጥቆ ሊደርስ ይችላል። ማን ሰበረው ሲባል ሻጩ ሾፌሩን፣ ሾፌሩ ሻጩን ይጠቁማል። የጭነቱን ዋጋና ቢበላሽ የመመለሻውን ስትደምሩ ትርፉ ይሳሳል።

ከከተማችሁ ሱቅ ግዙ፤ ትንሽ ቢጨምርም። ማኅተም ያለበት ደረሰኝና የዋስትና ወረቀት ተቀበሉ፤ በወረቀቱ ላይ የዋስትናው ጊዜ፣ የቴሌቪዥኑ መለያ ቁጥርና የሚቀይረው ወይም የሚጠግነው ማን እንደሆነ ይጻፍ። «የፋብሪካ ዋስትና አለው» የሚለው ቃል አገር ውስጥ ወኪል ከሌለ ዋጋ የለውም። ገንዘቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ብትከፍሉ ማስረጃ ይሆናችኋል፤ ዕቃውን ሳታዩ ግን አትላኩ። ካርቶኑንም ዋስትናው እስኪያልቅ አትጣሉት፤ ቤት ስትወስዱትም ቀጥ አድርጋችሁ እንጂ አስተኝታችሁ አትያዙት።

ስትወጡ ለዚያ ሞዴል የሚሠራ ሁለተኛ ሪሞት አብራችሁ ግዙ። ያልታወቀ ስም ሪሞት በኋላ ሲጠፋ ማግኘት ያስቸግራል፤ ብዙዎቹ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ከሥር አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያላቸው።

መብራት ላልደረሰበት ቤት

በዴላንታ፣ በወረኢሉ፣ በላስታ ገጠር በሶላር የሚኖር ቤተሰብ ሌላ ሒሳብ አለው። ለእሱ ባለ 12 ቮልት መግቢያ ያለውን ባለ 22 ወይም ባለ 24 ኢንች እመክራለሁ፤ እዚህ ላይ እንግዳ ስሞቹ ከታወቁት ይበልጣሉ፣ የታወቁት እንዲህ ያለ ዕቃ እምብዛም ስለማያመጡ። ኢንቨርተር አያስፈልገውም፤ ኢንቨርተር ደግሞ ጉልበት ያባክናል። 12 ቮልት፣ 50 አምፔር ሰዓት የሆነ ተራ ባትሪ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 300 ዋት ሰዓት ያህል ታገኛላችሁ። 25 ዋት ለሚወስድ ቴሌቪዥን ይህ 12 ሰዓት ነው። 10 ዋት የሚበላ ሪሲቨር ሲጨመርበት ወደ 8 ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ ለዚህ ቤት ኤስ 2 ቲውነር በውስጡ ያለው ቴሌቪዥን ተጨማሪ ብር ቢጠየቅበትም ያዋጣል። ገመዱን ስታገናኙ ፕላሱንና ማይነሱን አረጋግጡ፤ በቀይዋ ሽቦ ላይ ደግሞ ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ተገልብጦ የተሰካ 12 ቮልት ያለ ፊውዝ ቦርዱን ወዲያው ያቃጥለዋል።